የሚነዝረው ምጣድና ሦስተኛው ሽቦ

የዛሬው ጉዳይ ግድግዳ ላይ ያለች፣ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት፤ ሶኬት። የንግግሩ ዓላማ አንድ ነው፤ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ቤቱ ሲገባ ሶኬቱን ተመልክቶ ሦስት ነገር መጠየቅ እንዲችል ነው። አርጅቷል ወይ? የመሬት ሽቦ አለው ወይ? አለው ከተባለስ ያ ሽቦ በእርግጥ መሬት ይዟል ወይ? ነገሩ በዚሁ ተራ ይሄዳል። በመጀመሪያው ላይ ብዙ አይቆይም፤ በመጨረሻው ላይ ግን ይቆያል፤ የመንዝ ደጋ ድንጋይ ጉዳዩ ውስጥ የሚገባው እዚያ ላይ ነውና።

ከሁሉ በፊት ስለ ሁለት ቃላት ይነገር። አማርኛ ኤሌክትሪክ ሰውን ሲያገኘው ሁለት አነጋገር አለው፤ «ነዘረኝ» ይባላል፣ «ያዘው» ይባላል። ልዩነቱን ልብ ይሏል። «ነዘረኝ» የሚለው ሰውየው ራሱ ነው፤ እጁን መንጭቆ አምልጧልና። «ያዘው» የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ቻርልስ ዳልዚየል የተባለ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምር የነበረ መሐንዲስ፣ ይህንኑ ድንበር ለዓመታት ለክቶታል። ፈቃደኛ ሰዎችን ሽቦ አስጨብጦ፣ ኃይሉን ቀስ በቀስ እየጨመረ፣ እጃቸውን መፍታት የሚያቅታቸው የቱ ላይ እንደሆነ መዘገበ። በአማካይ ወንዶቹ 16 ሚሊ አምፔር፣ ሴቶቹ 10.5 ሚሊ አምፔር ላይ ተያዙ። ሚሊ አምፔር የአምፔር ሺህኛ ነው። አንድ ባለ 100 ዋት አምፖል በእኛ አገር 220 ቮልት ሲበራ 450 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል። እንግዲህ የአንዲትን እናት እጅ ጨብጦ ለማስቀረት የሚበቃው አንድ አምፖል ከሚስበው ከአርባ እጅ አንዱ ነው። ከ«ነዘረኝ» እስከ «ያዘው» ያለው መንገድ ይህን ያህል አጭር ነው።

አሁን በመንዝና በዙሪያው፣ መሐል ሜዳ ወይም ሞላሌ፣ ዘመሮ ወይም ራቤል፣ ወይም ወረድ ብሎ ዓለም ከተማ፣ አንድ ማድ ቤት እንግባ። ወለሉ አፈር ነው፤ ጠዋት ውኃ ተረጭቶ ተጠርጓል። ምጣዱ በብረት እግሩ ቆሟል፤ ገመዱ ተንጠልጥሎ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ገብቷል። የቤቱ እመቤት ሊጡን በጆግ ቀድታ ከዳር ወደ መሐል እያዞረች ታፈሳለች። እጇ እስከ አንጓው ርሷል። ክዳኑን ልታነሣ ስትል ግን እጇን ትሰበስባለች። የታጠፈ ደረቅ ጨርቅ ፈልጋ ትይዛለች፤ ከሥሯ ያነጠፈችው ቁራጭ አጎዛ መኖሩን በእግሯ ዳብሳ ታረጋግጣለች። ሙቀቱን ፈርታ አይደለም። ጎረቤቷ ብትጠይቃት «ትንሽ ይነዝራል እንጂ ደኅና ምጣድ ነው» ትላለች። ልጆቿን አትንኩ ብላ አስለምዳለች። ቤተሰቡ ከአመለኛ በቅሎ ጋር እንደሚኖረው ሁሉ ከምጣዱም ጋር ለምዶ ይኖራል።

ይህ ግን አመል አይደለም። ምጣዱ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ሽቦ ወይም ወደ እሱ የሚገባው ገመድ ሽፋኑን ሙቀት በልቶት፣ ወይም እርጥበት ገብቶበት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ አካል መፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። የፈሰሰው ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መውረጃ ይፈልጋል። የተሠራለት መውረጃ ስለሌለ በእናትየዋ እጅ ገብቶ በእግሯ ይወጣል። ዛሬ «ትንሽ» የሆነው ጨርቁና አጎዛው ደረቅ ስለሆኑ ብቻ ነው። ሊጥ የፈሰሰበት አጎዛ፣ የረጠበ ጨርቅ፣ በባዶ እግሩ ሮጦ የገባ ልጅ፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጨመር ያው ምጣድ፣ በዚያው ቀን፣ ሌላ ነገር ይሆናል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያስ ምጣዱ ይውጣ» ሊል ይችላል። በተለይ በመንዝ እንዲህ መባል የለበትም። እንጨት በሌለበት ደጋ እንጀራ ሲጋገር የኖረው በኩበት ነው። የነደደው ኩበት ለማሳ ፍግ አይሆንም፤ ጢሱም የእናቶችን ዓይን ሲያቃጥል፣ ደረታቸውን ሲያፍን ኖሯል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ለዚህ ሕዝብ ቅንጦት ሳይሆን እፎይታ ነው። ስለዚህ ምጣዱ ይኑር፤ መስተካከል ያለበት ከጀርባው ያለው ነገር ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንለፍ። ሶኬት ያረጃል ወይ? አዎን፣ ያረጃል። ከፊት ሲታይ ሁለት ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ይምሰል እንጂ ሥራውን የሚሠራው ከውስጥ ያለው ናስ ነው። መሰኪያው ሲገባ የናስ ምላሶች ግራና ቀኝ ጨብጠው ይይዙታል። አዲስ ሶኬት መሰኪያውን በቀላሉ አይለቅም። ዓመታት ሲሰካና ሲነቀል የኖረው ግን ምላሱ ይላላል፤ መሰኪያው በገመዱ ክብደት ዘንበል ይላል፤ ቤተሰቡም ወረቀት ይሸጉጥለታል ወይም ከሥሩ እንጨት ያስደግፈዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሶኬት መቀየር የሚገባው ሶኬት ነው።

ምክንያቱ በቀላል ሒሳብ ይታያል። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈጃል። በ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። ተራው ባለ ክብ ቀዳዳ ሶኬት የተሠራው ደግሞ ለ16 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣድ ሶኬቱ ሳያረጅም፣ ገና ከመጀመሪያው፣ በአቅሙ መጨረሻ ላይ ያሠራዋል። የላላው ምላስ አንድ አሥረኛ ኦም ብቻ መቋቋም ቢጨምር በዚያች ነጥብ ላይ 25 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። ሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ የሚያቀልጥበት ብረት ያለው ኃይል ይኸው ነው። ያንን ብረት አግሎ፣ ምስማር ራስ በምታህል ቦታ ላይ፣ ጭድ በተቦካበት ግድግዳ ውስጥ፣ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ ሰክቶ እንደመተው ነው። ጣሪያው የጓሳ ሣር የሆነ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ያረጀ ሶኬት ራሱ ይናገራል። በቀዳዳው ዙሪያ ቡናማ ወይም ጥቁር ጠባሳ ያወጣል፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል፤ መሰኪያው ተነቅሎ ሲዳሰስ ይፋጃል፤ ሲነካካ ይንጣጣል። እንዲህ የሆነ ሶኬት በናስትሮ አይጠገንም። ይቀየራል፤ የጠቆረው የሽቦ ጫፍም እስከ ጤነኛው መዳብ ድረስ ተቆርጦ ይጣላል። ምጣድ ደግሞ ከብሬከሩ ሣጥን የሚነሣ የራሱ መስመር ይገባዋል። ለመብራት ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ ለተራ ሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ባለ 4 ይዘረጋል። ማከፋፈያ ላይ ቴሌቪዥንና የስልክ ቻርጀር ይሰካ፤ ምጣድ ግን በፍጹም። ብሬከር ደጋግሞ ሲወድቅ ከፍ ባለ ብሬከር መተካት፣ ወይም ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር ወፍራም ሽቦ መጠምጠም፣ እሳቱን ወደ ግድግዳው ውስጥ ማዛወር ነው።

ይህን ካልን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንሻገር፤ የመሬት ሽቦ አለ ወይ? አንድ አሮጌ ሶኬት በካቻቪቴ ተፈቶ ሲወጣ ጀርባውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበቃል። አቧራና የሸረሪት ድር ይቀድማል። ከዚያ ሁለት ሽቦዎች ይታያሉ፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ፌዝ፣ አንዱ የሚመልሰው ኒውትራል። የታሰሩባቸው ብሎኖች ጠቁረዋል፣ አንዳንዴም ዝገዋል። በመካከላቸው ሦስተኛ ብሎን አለ። እሱ ከፋብሪካ እንደወጣ ያብረቀርቃል፤ ማንም አልነካውምና። የቤቱ ሰው ከፊት ሆኖ ሲያይ ሙሉ ሶኬት ነበር የሚታየው፤ ከጀርባ ሲታይ ግን የቀረው ነገር ይኸው ነው።

ለምን ቀረ? መልሱ በከፊል ራሱ ቋንቋው ውስጥ አለ። ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ብርሃን ተብሎ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው መሥሪያ ቤትም ስሙ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ ወዲህ ስሙን ለውጧል፤ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ሕዝቡ ግን ዛሬም «መብራት ኃይል» ይላል። ኤሌክትሪኩንም ራሱን መብራት ብሎ ይጠራዋል፤ መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ መብራት አስገባን። የቤቱ ሽቦ ሲዘረጋ የታሰበው አምፖል ነበር። ከጣሪያ ለሚንጠለጠል፣ ማንም ለማይዘው አምፖል ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። ምጣዱ፣ ፍሪጁ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ ሰው በእርጥብ እጁ የሚይዘው ብረት ሁሉ ከጊዜ በኋላ መጣ፤ የተሰካው ግን ለአምፖል በተዘረጋው በዚያው ሁለት ሽቦ ላይ ነው። በትንንሽ ከተሞች ቤቶች ግድግዳ ላይ በክሊፕ ተመትቶ የሚሄደውን ጠፍጣፋ ገመድ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ውስጡ ሁለት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሽቦ፣ ባለሙያዎቹ ኧርዝ ወይም ግራውንድ የሚሉት፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው፣ በሰላም ቀን ምንም አይሠራም። ከምጣዱ ብረት ተነሥቶ፣ በሶኬቱ በኩል አልፎ፣ ግቢ ውስጥ ወደተቀበረ ዘንግ ይወርዳል፤ በቃ። ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ በፈሰሰ ቀን ግን መውረጃው እሱ ነው። እናትየዋ ከመንካቷ በፊት መንገዱ ክፍት ሆኖ ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ ገበያ በብዛት የሚገኘው ሹኮ የሚባለው ሶኬት ለዚህ ታስቦ የተሠራ ነው። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ አልበርት ቢትነር የፈለሰፈው ሲሆን፣ ስሙ «መከላከያ ንክኪ» ከሚል የጀርመንኛ ቃል ያጠረ ነው። ከላይና ከታች ባሉት ጠርዞቹ ላይ ሁለት የብረት ምላሶች ብቅ ብለው ይታያሉ፤ ኧርዝ እነሱ ናቸው። ብልኃቱ መሰኪያው ሲገባ ጎኑ ከእነዚህ ምላሶች ጋር ቀድሞ መገናኘቱ ነው። ኤሌክትሪኩ የሚደርሰው መውረጃው ከተዘጋጀ በኋላ ነው፤ ሲነቀልም መጨረሻ የሚለቀው ኧርዙ ነው።

ችግሩ ሹኮ መሰኪያ ሁልጊዜ ሹኮ ሶኬት አለማግኘቱ ነው። በየሱቁ ዩኒቨርሳል እየተባለ የሚሸጠው፣ ማንኛውንም መሰኪያ የሚቀበል ሶኬትና ማከፋፈያ፣ ሦስተኛ ቀዳዳ ቢኖረውም በጎን የሚነካ ምላስ የለውም። ስለዚህ የሹኮ መሰኪያ ገብቶ ምጣዱ ይሠራል፤ ኧርዙ ግን አየር ላይ ቀርቷል። ሦስት ቀዳዳ በአንድ መስመር የተደረደረበት የጣሊያን ዓይነት ሶኬት ባለበት አሮጌ ቤትም እንዲሁ ነው፤ የመሐለኛው ቀዳዳ ኧርዝ ነው፣ የሹኮ መሰኪያ ግን በግድ ቢገባበት እንኳ አይነካውም። ስለዚህ ሶኬት ሲገዛ ሻጩን «ሁሉን ይቀበላል ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ እነዚያን ሁለት የጎን ምላሶች በዓይን ማየት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የከፋ ግን ሌላ አለ፤ እሱን ጠንከር አድርጎ መናገር ይገባል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት አዲስ ሹኮ ሲገጠም፣ ሦስተኛው ብሎን ባዶ መቅረቱ የማያምርለት ሠራተኛ ከኒውትራሉ አጭር ሽቦ ስቦ እዚያው ያስረዋል። በቴስተር ሲሞከር ኧርዝ ያለ ይመስላል። ነገር ግን ኒውትራሉ መንገድ ላይ አንድ ቦታ የተበጠሰ ወይም የላላ ቀን፣ ወይም ፌዝና ኒውትራል የተለዋወጡ ቀን፣ የምጣዱ፣ የፍሪጁና የማሞቂያው ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሆናል። ያኔ «ትንሽ ይነዝራል» የለም። ባዶ ብሎን ቢያንስ ጉድለቱን ይናገራል፤ ይህኛው ግን ጉድለቱን ሸፍኖ ገዳይ ያደርገዋል። ስለዚህ እውነተኛው ሥራ የሶኬቱን ፕላስቲክ መቀየር ብቻ አይደለም። ሦስተኛ ሽቦ ከሶኬቱ እስከ ብሬከሩ ሣጥን፣ ከሣጥኑ እስከ መሬት መዘርጋት ነው። ወጪው እዚያ ላይ ነው፤ ትርጉሙም እዚያ ላይ ነው።

እነሆ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ደረስን። ሽቦው አለ፤ ግቢ ውስጥም ዘንግ ተቀብሯል። መሬቱ ግን ይቀበለዋል ወይ? አፈር ሁሉ ለኤሌክትሪክ እኩል አይደለም። 2.4 ሜትር የሚረዝም፣ በመዳብ የተለበጠ የብረት ዘንግ እርጥብ ዋልካ ውስጥ ሲገባ ከመሬት ጋር ያለው መቋቋም ከጥቂት ኦም እስከ ሃያ ኦም ግድም ሊሆን ይችላል። ያው ዘንግ መካከለኛ አፈር ውስጥ ወደ 40 ኦም፣ ድንጋያማ መሬት ውስጥ ደግሞ 400 ኦም ይደርሳል። ከ3,000 ሜትር በላይ ባለው የመንዝ ደጋ አፈሩ ስስ ነው፤ ሥሩ ጥቁር ድንጋይ ነው። ቤቱንም አጥሩንም በድንጋይ የሚሠራ ሕዝብ ለዘንግ መምቻ ለስላሳ መሬት ፈልጎ ማግኘት ይቸግረዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነውም ይታወቃል፤ ክንድ የማያህል ቁራጭ ፌሮ ተመትቶ፣ ድንጋይ ሲያገኝ እምቢ ብሎ፣ ቀሪው ተቆርጦ ይቀራል። ከላይ ሲታይ ሽቦ ታስሮበታልና ኧርዝ ይባላል። የውኃ ቧንቧ ላይ ማሰርም ቧንቧው ብረት በነበረበት ዘመን የተለመደ ነገር ነበር። ዛሬ ብዙው መስመር ፕላስቲክ ነው፤ ቧንቧ ላይ የታሰረ ኧርዝ እንኳን ሊያድን፣ ውኃ የሚቀዳውን ሰው ያስነዝራል።

ለምን ይህን ያህል ያሳስባል? ዘንጉ 50 ኦም ቢሆንና ፌዙ ሙሉ በሙሉ የምጣዱን ብረት ቢነካ፣ ወደ መሬት የሚፈሰው ቢበዛ 4.4 አምፔር ነው። የምጣዱ ብሬከር 20 አምፔር ከሆነ 4.4 አምፔር ለእሱ ምንም አይደለም፤ ተጨማሪ ዕቃ የተሰካ ያህል ነው። አይወድቅም። ምጣዱም መጋገሩን ይቀጥላል፤ ብረቱ ላይ ያለው ቮልቴጅም አብዛኛው እንዳለ ይቆያል። ብሬከሩ ወዲያው እንዲወድቅ 100 አምፔር ያህል መፍሰስ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጠቅላላው መቋቋም ከ2.2 ኦም ማነስ ይኖርበታል። በመንዝ ድንጋይ ላይ አንድ ዘንግ መትቶ 2.2 ኦም ማግኘት የማይታሰብ ነገር ነው። «ኧርዝ አስገብቻለሁ፣ ብሬከርም አለኝ» ብሎ የተኛ ሰው ያልተነገረው ይህ ነው፤ በዚህ ደጋ ሁለቱ ብቻቸውን አይበቁም።

የሚያሟላቸው ዕቃ አለ፤ ባለሙያዎች አርሲዲ ይሉታል። ሐሳቡን ለእረኛ ማስረዳት ይቀላል። በጎቹን ጠዋት ቆጥሮ ያወጣል፣ ማታ ቆጥሮ ያስገባል፤ አንዲት ከጎደለች የሆነ ቦታ ቀርታለችና በሩን አይዘጋም። አርሲዲም በፌዝ የወጣውንና በኒውትራል የተመለሰውን ያለማቋረጥ ያስተያያል። እኩል ከሆኑ ዝም ይላል። በመካከሉ 30 ሚሊ አምፔር ከጎደለ ግን ኤሌክትሪኩ በሌላ መንገድ ወደ መሬት እየፈሰሰ ነውና ከሰኮንድ ሦስት አሥረኛ ባነሰ ጊዜ የቤቱን ኤሌክትሪክ ያቋርጣል። ይህ ዕቃ ለቤት የበቃው በአፍሪካ ምድር ጭምር መሆኑ ደስ ያሰኛል። ሄንሪ ሩቢን የተባለ የደቡብ አፍሪካ መሐንዲስ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ የወርቅ ማዕድን ሠራተኞችን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ ብሎ የሠራው መሣሪያ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ለድንጋይ ውስጥ ሰዎች የተሠራው መሣሪያ ለድንጋይ ላይ ሰዎች ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከድንጋዩ ጋር ሲታይ ጥቅሙ ይጎላል። ዘንጉ 400 ኦም ቢሆን እንኳ ከምጣዱ ብረት ወደ መሬት ግማሽ አምፔር ያህል ይፈስሳል። ለብሬከር ይህ ከቁጥር አይገባም፤ ለአርሲዲ ግን ከሚጠብቀው አሥራ ስምንት እጥፍ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ምጣዱ በተበላሸባት ቅጽበት የቤቱ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል። ኧርዝ የሌለበት ቤት ውስጥም አርሲዲ ይሠራል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ሰው ከነካ በኋላ ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ ነው ሰው ሳይነዘር አደጋው የሚታወቀው። አርሲዲው ላይ ቲ የሚል የላቲን ፊደል ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ በወር አንድ ጊዜ ትጫን። ስትጫን የቤቱ ኤሌክትሪክ ካልተቋረጠ አርሲዲው ይቀየር። ቁልፏ ግን የምትፈትነው አርሲዲውን ብቻ ነው፤ ስለ መሬቱ አንዳች አትናገርም። ፌዝና ኒውትራልን በሁለት እጁ የያዘ ሰውንም አርሲዲ ሊያድነው አይችልም፤ የወጣው ሁሉ ተመልሷልና።

መሬቱን ማሻሻልም ይቻላል። ዘንግ እምቢ ባለበት፣ አፈር ጠለቅ ባለበት የጓሮ ጥግ ጠባብ ቦይ ከጉልበት በላይ ቆፍሮ፣ ባዶ የመዳብ ሽቦ አሥር ሜትር ያህል አጋድሞ መቅበር ከአንድ አጭር ዘንግ እጅግ ይሻላል። ብዙዎች ጨውና ከሰል ይጨምራሉ። ለጊዜው ይሠራል፤ ነገር ግን ጨው በክረምት ዝናብ ታጥቦ ይሄዳል፣ ብረቱንም ይበላዋል። ቦታው ከበጎችና ከከብት ማደሪያ ራቅ ይበል። ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲወርድ የፊትና የኋላ እግሩ ተራርቆ የቆመ እንስሳ ከሰው ይልቅ ይጎዳል፤ እግሮቹ በረገጧቸው ሁለት ነጥቦች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ይኖራልና።

አሁን የቀረው የምርመራው ነገር ነው። ሥራው የባለሙያ ነው፤ የቤቱ ሰው ግን ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቅ አለበት። በመልቲሜትር ከፌዙ እስከ ኧርዙ 220 ቮልት ታየ ማለት ኧርዙ ደኅና ነው ማለት አይደለም። መልቲሜትር የሚስበው ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ በ400 ኦም ድንጋይ ላይም፣ ከኒውትራል በተሰረቀ ሽቦ ላይም ያንኑ 220 ያሳያል። መጀመሪያ ሶኬቱ ይፈታና ሦስተኛው ሽቦ ወዴት እንደሚሄድ በዓይን ይታይ። ቀጥሎ ኃይል ተቋርጦ፣ ከሶኬቱ ምላስ እስከ ግቢው ዘንግ ሽቦው ያልተበጠሰ መሆኑ ይለካ። በመጨረሻ የመሬቱ መቋቋም ራሱ፣ ሁለት ረዳት ካስማ ተተክሎ በሚለካ ኧርዝ ቴስተር ይለካ። የሚለካበትም ወር ይመረጥ። በሐምሌ መሬቱ ሲረሰርስ ሁሉም ኧርዝ ያምራል። እውነተኛው ቁጥር የሚወጣው በታኅሣሥና በጥር፣ አፈሩ ሲደርቅና ውርጭ ሲያከረው ነው።

ሶኬት ራሱ እቀይራለሁ ለሚል ጎበዝ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፤ በዚህ አገር ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። መብራት ሄዷል ማለት ኤሌክትሪክ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው መብራት በጠፋ ሰዓት «ይኸው ምቹ ጊዜ» ብሎ ካቻቪቴ ያነሣል። ጎረቤት «መጣ!» ብሎ በደስታ ሲጮኽ ያ ሰው ሽቦውን በጣቱ እንደያዘ ነው። መብራት ኖረም አልኖረም ዋናው ብሬከር መውረድ አለበት፤ ቤት ውስጥ ላሉት ሁሉ ይነገር፤ ብሬከሩ ላይ ማንም እንዳያነሣው ወረቀት ይለጠፍ። ቴስተሩም መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት፣ ከዚያ በሚፈታው፣ ከዚያ ተመልሶ በሚሠራው ላይ ይሞከር፤ የተበላሸ ቴስተር ሕያው ሽቦን ሙት ነው ይላልና። ዋናው ብሬከር ሲወርድ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ ሶኬት ስለማይኖር፣ የመጀመሪያው ሙከራ ብሬከሩ ከመውረዱ በፊት ይደረግ፤ የመጨረሻው ደግሞ ከዚህ ቤት ውጭ ኃይል ባለው ሶኬት ላይ።

ይህ ሁሉ በቤቱ ሰው ላይ የሚወድቀው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊነት ቆጣሪው ላይ ስለሚቆም ነው፤ ከቆጣሪው ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ኃላፊነት ነው። የሕዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ነው ተብሎ አገር ተደሰተ። ያ ኃይል ከጉባ ተነሥቶ ስንት ተራራ ተሻግሮ እስከ ቆጣሪው በመሐንዲሶች እጅ ይመጣል። የመጨረሻውን ጥቂት ሜትር የሚሄደው ግን ማን እንደሠራው በማይታወቅ ሽቦ ላይ ሊሆን ይችላል። ደንብ ጠፍቶ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አሥረኛው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው፣ ስለ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚደነግግ ነው። የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ቤቱን የሚያሠራ ሰው ያንን ወረቀት አሳየኝ ማለት ነውር እንዳይመስለው። በግ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ የሚያይ ሕዝብ ለልጆቹ ቤት ይህን ቢጠይቅ ማንም አይቀየመውም።

ባለሙያው ለክቶ ሲጨርስ ቁጥሩንና ቀኑን በወረቀት ጽፎ በብሬከሩ ሣጥን ክዳን ውስጥ ይለጥፍላችሁ፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ ሌላው ቁጥር ከሥሩ ይጻፋል። እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ያረጀ ሶኬት ተፈቶ፣ አንድ አዲስ ሹኮ፣ አንድ ዩኒቨርሳል ሶኬትና አንድ አርሲዲ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ከኤሌክትሪክ ጋር አልተገናኙም፤ በእጅ ይዞ ማየት ይቻላል። ምጣዳቸው የሚነዝር እናቶች ቅድሚያ ይምጡ።